የደም ሥር ወለምታ፦ ኒውዮርክ በአንድ በረኛ ጉሮሮ ላይ የገመተችው

ወለምታን የምናውቀው በእግር ነው፤ አለዚያም በእጅ አንጓ። ደረጃ ሲስቱ ይመጣል፣ ወጌሻ ያሸዋል፣ በሳምንቱ ይረሳል። "ወለም ብሎኝ ነው" ያለን ሰው ማንም ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቀውም።

በፌብሩዋሪ 2015 የኒውዮርክ ሬንጀርስ የበረዶ ሆኪ ቡድን ደጋፊዎች ግን ሌላ ዓይነት ወለምታ ሰሙ። የደም ሥር ወለምታ። ያውም የአንገት። ያውም የበረኛቸው። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዜናው ላይ የዋለው ቃል ለቁርጭምጭሚት የሚባለው ያው ቃል ነበር። ደም ሥር ደግሞ መገጣጠሚያ የለው፣ ጅማት የለው፣ እንዴት ነው ወለም የሚለው? ደጋፊው ይህን ጥያቄ ይዞ ለሳምንታት ሲገምት ከረመ። እኔም ጉዳዩን ያነሳሁት ለዚያ ግምት ብዬ ነው። ሰው ስለማያውቀው ሕመም ሲገምት ምን ላይ ይሳሳታል? በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ስህተት እናንተ የምትጠብቁት ቦታ ላይ አይደለም ያለው።

ሰውየውና ጨዋታው

የበረዶ ሆኪ ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። ቶሮንቶ ወይም ሚኒሶታ ያላችሁ ልጆቻችሁ አስተምረዋችሁ ይሆናል። ለሌላው በአጭሩ ልንገር። እያንዳንዱ ቡድን አምስት ተንሸራታችና አንድ በረኛ ያሰልፋል። የሚመቱት ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ ጎማ ነው። ዲያሜትሯ 7.6 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ156 እስከ 170 ግራም። በረዶው ላይ እንዳትነጥር ከጨዋታው በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ትቀመጣለች። ስለዚህ ወደ በረኛው የምትመጣው ጎማ ናት ቢባልም ለድንጋይ የቀረበች ናት። ጠንካራ ምት ሲሆን ፍጥነቷ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ጎሉ ትንሽ ነው፤ ወርዱ 1.83፣ ቁመቱ 1.22 ሜትር። የእግር ኳሱ ጎል 7.32 በ2.44 መሆኑን አስቡ። በረኛው በኪሎ ብዙ የሚመዝን መከላከያ ይለብሳል፤ ደረት፣ ክንድ፣ እግር፣ ፊት፣ ሁሉም ይሸፈናል። አንድ ቦታ ግን አስቸጋሪ ነው። በጭምብሉ አገጭና በደረት መከላከያው መካከል ያለችው ጉሮሮ። እሷን በደንብ ከሸፈኗት አንገት አይዞርም፤ አንገት ካልዞረ ደግሞ ፓኳ አትታይም። ብዙ በረኞች ከጭምብሉ ሥር በክር የምትንጠለጠል ትንሽ ፕላስቲክ ያስራሉ። በዚህም በዚያም ክፍተት አይጠፋም።

ሰውየው ሄንሪክ ሉንድክቪስት ነው። ስዊድናዊ። በ2000 የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 205ኛ ሆኖ ነው የተመረጠው፤ ማለትም ከእሱ በፊት 204 ልጆች ተሽለው ታይተዋል። በ2005 ኒውዮርክ ገባ። በ2006 ቶሪኖ ላይ ከአገሩ ጋር የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። በ2012 የዓመቱ ምርጥ በረኛ ተባለ። ደጋፊው "ንጉሡ" ብሎ ነበር የሚጠራው፤ ሱፍ አለባበሱም ለስሙ አግዞታል። ሬንጀርስ ዋንጫ ካነሳ ግን ከ1994 ወዲህ 20 ዓመት አልፎታል። በ2014 ለፍጻሜ ደርሶ በሎስ አንጀለስ ኪንግስ ተሸነፈ። ስለዚህ በ2015 መጀመሪያ ላይ የደጋፊው ሐሳብ አንድ ነበር፤ ይኼ ሰውዬ ሳያረጅ ዋንጫውን እናግኝ። ሊያውም 33 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶታል።

ቅዳሜ ማታ

ጃንዋሪ 31 ቀን 2015፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። እንግዳው ቡድን ካሮላይና ሃሪኬንስ ነው። የካሮላይናው ብራድ ማሎን የመታት ፓክ ከጭምብሉ ሥር ገብታ ሉንድክቪስትን ጉሮሮው ላይ አገኘችው። ወደቀ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የቡድኑ ወጌሻ በበረዶው ላይ እየሮጠ መጣ። ትንሽ ቆይቶ በረኛው ተነሳ፣ ጭምብሉን አጠለቀ፣ ወደ ጎሉ ተመለሰ።

ጨዋታውን ጨረሰ። ሬንጀርስ 4 ለ 1 አሸነፈ።

ሰኞ ፌብሩዋሪ 2 ከፍሎሪዳ ፓንተርስ ጋር እንደገና ገባ። 6 ለ 3 አሸነፉ። ሁለት ጨዋታ፣ ሁለት ድል። ከዚህ በላይ ምን የጤና ማረጋገጫ አለ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስለ ደጋፊ ግምት ስናወራ ሁልጊዜ የምናስበው በኋላ የመጣውን ወሬ ነው። የመጀመሪያው ግምት ግን የተገመተው ቅዳሜ ማታ ነበር፤ "ተነስቷል፣ ደህና ነው" የሚለው። ማንም ግምት ብሎ አልጠራውም። ጭብጨባ ነበር የሚመስለው። ወንድነት፣ ጀግንነት፣ ጽናት ይባላል። ጉሮሮውን ተመትቶ የሚጫወት ሰው ይደነቃል እንጂ ማን ይጠረጥረዋል? እሱ ራሱም አልጠረጠረም፤ ባይሆን ኖሮ ሰኞ ባልገባ። ግን ይህ በአየር ላይ የተንጠለጠለ የሕክምና ፍርድ ነው። የተሰጠው ደግሞ ምርመራ ሳይታይ ነው። በጉዳዩ ውስጥ ካሉት ግምቶች ሁሉ ዋጋ ሊያስከፍል የሚችለው ይኼ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት አንገት ውስጥ መግባት አለብን።

አንገት ውስጥ ያለው

ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ አራት ትላልቅ ደም ቅዳዎች በአንገት በኩል ያልፋሉ። ሁለቱ ከፊት፣ በጉሮሮ ግራና ቀኝ፤ ጣታችሁን ከመንጋጋ ሥር ስታሳርፉ የሚመቱት እነሱ ናቸው። ሁለቱ ከኋላ በአንገት አጥንት ቀዳዳዎች ውስጥ ይወጣሉ። የደም ቅዳ ግድግዳ ሦስት ንብርብር ነው፤ ካፖርት ገበሩና ውስጠኛው ስፌት እንዳለው ዓይነት። ከውጭ ኃይለኛ ምት ሲያርፍበት ውጪው ደህና ሆኖ ውስጠኛው ገበር ሊተረተር ይችላል። ከውጭ የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል። ቢበዛ ትንሽ መበለዝ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ደም የተተረተረውን ገበር ሲነካ ቁስል መስሎት ይረጋል። ሥራው ነው። የረጋው ደም ካደገ መንገዱን ያጠባል። ከተላቀቀ ደግሞ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ላይ ያለው አንጎል ነው። ስትሮክ የምንለው ይኼ ነው።

እንዲህ ያለው ጉዳት ክፉ ጸባይ አለው። ይዘገያል። በተመታበት ሰዓት ሰውየው ያወራል፣ ይራመዳል፣ ይጫወታል። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ወይም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ራስ ምታት፣ የአንገት ሕመም፣ ማዞር፣ የአንድ ወገን መደንዘዝ። አንዳንዱ ላይ የመጀመሪያው ምልክት ስትሮኩ ራሱ ነው። ለዚህ ነው የአደጋ ሐኪሞች ምልክት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ማን መመርመር እንዳለበት የሚለዩበት ዝርዝር ያዘጋጁት። የታወቀው በአሜሪካዋ ከተማ ስም የዴንቨር መመዘኛ ይባላል። ጉዳቱንም በደረጃ ይከፍሉታል። አንደኛው ደረጃ ገበሩ ብቻ የተነካበት ነው፤ አምስተኛው ሥሩ ጭራሽ የተበጠሰበት። ምርመራው ቀለም ተወግቶ የሚነሳ የሲቲ ምስል ነው።

ወደ "ወለምታው" ስንመለስ፣ ቃሉ እንዳሰብነው ሞኝ አይደለም። ተስቦ የተጎዳ ግን ያልተበጠሰ ነገር ነው ለማለት ፈልገዋል። በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ አታገኙትም እንጂ፣ ለሕዝብ ሲነገር መጥፎ ስዕል አይሰጥም። ያሳሳተው ሌላ ነገር ነው። ወለምታ ስንባል "ቀላል ነው" ብለን እንሰማለን።

የላይኛው አካል ጉዳት

ረቡዕ ሬንጀርስ ከቦስተን ሲጫወት ጎሉ ላይ ሉንድክቪስት የለም። በዚያው ሳምንት ክለቡ ጉዳቱ የደም ሥር መሆኑንና በረኛው ቢያንስ ለሦስት ሳምንት እንደማይሰለፍ አሳወቀ።

የሆኪን ባህል ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ መግለጫ ነው። ለደጋፊው ግን ነጎድጓድ ነበር። በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ክለቦች ስለ ጉዳት ሲናገሩ ሁለት ቃል ነው ያላቸው፤ "የላይኛው አካል ጉዳት" እና "የታችኛው አካል ጉዳት"። ከወገብ በላይ፣ ከወገብ በታች፤ አለቀ። የጣት ስብራትም የላይኛው ነው፣ የጭንቅላት ምትም የላይኛው ነው። ሰበባቸው ተቃራኒ ቡድን የታመመውን ቦታ እያየ እንዳይመታ ነው። እውነትም አለበት። ግን ልማድም ሆኗል፤ ከበሽተኛው ይልቅ ምስጢሩን የሚንከባከቡ ይመስለኛል አንዳንዴ።

ደጋፊው በዚህ ዓለም ውስጥ ስለሚኖር ሳይነገረው መገመት ለምዷል። በረኛ ነው? እንግዲያው ብሽሽት ነው፣ ዳሌ ነው፣ ጉልበት ነው። በረኞች ቀኑን ሙሉ በጉልበታቸው በርከክ እያሉ ስለሚነሱ የሚጎዱት እዚያ ነው። ግምቱም ብዙ ጊዜ ይሰምርለታል።

አሁን ግን ክለቡ ከወትሮው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ "የደም ሥር" አለ። "የላይኛው አካል" ቢል ሰው ትከሻ ብሎ አስቦ ይተኛ ነበር። ሙሉውን ቢናገር ደግሞ ሰው ደንግጦም ቢሆን ያውቅ ነበር። የተሰጠው ግማሹ ነው። ግማሽ ወሬ ከዝምታ ይልቅ ያንቀዠቅዣል። በሩን ትንሽ ከፍቶ መተው ማለት ነው፤ ጠባዩ የዋህ የሆነ ሰው እንኳ ያጮልቃል።

ግምቶቹ

አንዳንዱ ግምት ወዲያው የሚወድቅ ነበር። ጭንቅላቱ ተመትቶ ሸፍነውት ነው የሚለው ለምሳሌ። ይህን ለመደበቅ "የላይኛው አካል" የሚለው የተለመደ መጋረጃ እያለ አዲስ መጋረጃ መስፋት ለምን ያስፈልጋል?

ሁለተኛው ግምት ሚዛን ነበረው። ደም ረግቶበታል፤ እንግዲህ ሥራው አልቋል የሚል። በዚያ ሰሞን ሆኪ የሚከታተል ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። በሴፕቴምበር 2013 የፒትስበርጉ በረኛ ቶማስ ቮኩን ደም ረግቶበት ወጣ፤ ወደ ሊጉ ጨዋታ አልተመለሰም። በ2014 የፊላደልፊያው ኪሞ ቲሞነን እግሩና ሳንባው ላይ የረጋ ደም ተገኘበት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የፒትስበርጉ ፓስካል ዱፑዊ ሳንባው ላይ ተገኘበት። ሦስት ስም በዓመት ከምናምን ውስጥ። ሰው የሚገምተው በቅርብ ባየው ነው።

ደም የረጋበት ተጫዋች ከሜዳ የሚወጣበት ምክንያት ራሱ አስገራሚ ነው። በሽታው ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱም ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግድግዳ ላይ ተጋጭቶ፣ በፓክ ተመትቶ ውስጡ ቢደማ ደሙ አይቆምም። ስለዚህ መድኃኒቱን ከወሰድክ አትጫወትም፣ ከተጫወትክ መድኃኒቱን አትወስድም። ደጋፊው ስለ ሉንድክቪስት ያልለየው ነገር እዚህ ላይ ነው። የእነ ቲሞነን ደም የረጋው ሳይመቱ፣ በደም መልስ ሥር ነው፤ ተመልሶ የመምጣት ስጋትም አለው። በምት የመጣ ጉዳት ግን ምንጩ የታወቀ ነው። ገበሩ ከዳነ ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሁለቱም "ደም ሥር" ይባላሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

ሦስተኛው ግምት ከሁሉ የከበደ ነበር፤ ሊሞት ይችል ነበር የሚል። ማጋነን ይመስላል። ግን ከሁለት ወር በፊት፣ ኖቬምበር 25 ቀን 2014፣ ሲድኒ ውስጥ አውስትራሊያዊው የክሪኬት ተጫዋች ፊሊፕ ሂዩዝ ከራስ ቁሩ በታች አንገቱ ላይ በኳስ ተመትቷል። ጥቂት ሰከንድ ጎንበስ ብሎ ቆመ፣ ከዚያ በፊቱ ተደፋ። በሁለተኛው ቀን ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር። ከኋላ ካሉት ደም ቅዳዎች አንዱ ተሰንጥቆ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ነው። ከባድ ኳስ፣ መከላከያው ያልደረሰበት አንገት፣ ደም ቅዳ። ይህን ዜና አንብቦ የሉንድክቪስትን የሰማ ሰው ሁለቱን ባያገናኝ ነው የሚገርመኝ።

ዕድሜያቸው ጠና ያለ ደጋፊዎች ደግሞ የቡፋሎውን በረኛ ክሊንት ማላርቹክን ያስታውሳሉ። ማርች 1989 ላይ የሌላ ተጫዋች የጫማ ስለት አንገቱን ቆርጦት በረዶው በደም ተጥለቀለቀ። የቡድኑ ወጌሻ ጂም ፒዙቴሊ በቬትናም ጦርነት ያገለገለ ሰው ነበርና እጁን ሰዶ ሥሩን ይዞ አተረፈው። ያ ሁሉም ያየው ጉዳት ነው። ተመልካች ራሱን ስቶ ወድቋል። ማላርቹክ ደም በደም ሆኖ ሲወጣ "ደህና ነው" ያለ የለም። ሉንድክቪስት ግን ጠብታ ደም ሳይፈሰው ተነስቶ ጨዋታውን ጨረሰ።

እግር ኳስ ለሚከታተለው ወገኔ ደግሞ የቼልሲው በረኛ ፒተር ቼክ አለለት። በኦክቶበር 2006 ሬዲንግ ላይ ጭንቅላቱ ተሰንጥቆ፣ ከሦስት ወር በኋላ ጥቁር ቆብ አጥልቆ ተመለሰ፤ እስከ መጨረሻው አላወለቀውም። ጉዳቱ ለዓይን ይታይ ነበር፤ ቆቡን ያየ ሁሉ ያስታውሳል። (ቼክ እግር ኳስ ካቆመ በኋላ በ2019 እንግሊዝ ውስጥ የጊልድፎርድ የሆኪ ቡድን በረኛ ሆኖ በመጀመሪያ ጨዋታው የጨዋታው ኮከብ ተብሏል። ጎል የለመደ ሰው ከጎል አይርቅም መሰለኝ።)

በኋላ ራሱ ሉንድክቪስት እንደተናገረው፣ በዚያ ሁኔታ መጫወቱን ቢቀጥል ስትሮክ ሊመታው ይችል ነበር። ሐኪሞቹ ናቸው የነገሩት። እንግዲህ በጣም ያጋነነ የመሰለው ግምት ለእውነቱ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ምክንያታዊ የመሰለው፣ "ሥራው አልቋል" ያለው፣ ሳተ። ከሁሉ የራቀው ደግሞ በሁለቱ ጨዋታዎች ላይ ያጨበጨበው ነው። እኔ በበኩሌ የመጨረሻውን አስልቼ አላበቃሁም። በሰኞው ጨዋታ ላይ ስንት ፓክ ወደሱ መጣች? ስንት ጊዜ በግንባሩ ተደፋ? ስንት ጊዜ ተጋጨ? 60 ደቂቃ ነው ያ።

ሃያ አምስት ጨዋታ

ሕክምናው ለወሬ የማይመች ነው። ዕረፍት። ክትትል። እንደገና ምስል። እንዲህ ባለ ጉዳት በተለምዶ ደሙ እንዳይረጋ መድኃኒት ይሰጣል፣ ከሳምንታት በኋላ ገበሩ መግጠሙ በምስል ይታያል። የሚሰፋ የለ፣ የሚታሰር የለ። በሽተኛው ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። እግሩ ደህና፣ እጁ ደህና፣ ትንፋሹ ደህና የሆነ ስፖርተኛ "ቁጭ በል" ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ጎሉ ውስጥ የገባው ካም ታልቦት ነው። የ27 ዓመት ልጅ፣ በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ማንም ያልመረጠው። የተማረው አላባማ ነው። አላባማ! በረዶ በመጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ብቻ የሚታይበት አገር። የእሱ ተጠባባቂ ሆኖ ከሃርትፎርድ የመጣው ማኬንዚ ስካፕስኪ ደግሞ ገና 20 ዓመቱ ነበር።

አሁን ግምቱ አቅጣጫውን ቀየረ። ስለ አንገቱ የሚነግረው ያጣ ደጋፊ የክለቡን ገበያ እንደ ሐኪም ወረቀት ማንበብ ጀመረ። የተጫዋቾች ዝውውር የሚዘጋው ማርች 2 ነው። ክለቡ ልምድ ያለው በረኛ ከገዛ ንጉሡ አይመለስም ማለት ነው። ካልገዛ ይመለሳል ማለት ነው። እንዲህ ነበር ስሌቱ። ሬንጀርስ ማርች 1 ላይ ኪት ያንድልን ከአሪዞና አመጣ፤ ተከላካይ ነው። በረኛ አልገዛም። የዝውውሩ በር የተዘጋበት ማርች 2 ደግሞ የሉንድክቪስት 33ኛ ልደት ነበር። ይህ ግምት ከሌሎቹ የተሻለ ይመስለኛል። የሚያውቅ ሰው የሠራውን እያየ ነውና የገመተው።

ታልቦት በቦታው በተሰለፈባቸው ጨዋታዎች 16 አሸነፈ፣ 4 ተሸነፈ፣ 3 ደግሞ በጭማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት ተሸንፎ አንድ አንድ ነጥብ ይዞ ወጣ። ልጁ ስካፕስኪ ሁለት ጊዜ ከቡፋሎ ጋር ተሰልፎ ሁለቱንም አሸነፈ፤ አንዱን ጎል ሳይገባበት። በድምሩ በ25 ጨዋታ 18 ድል። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ "አበቃልን" ሲል የነበረው ደጋፊ በማርች መጨረሻ ላይ "ለመሆኑ ንጉሡ ያስፈልገናል?" ብሎ ይከራከር ጀመር። ደጋፊ ናቸው እንግዲህ፤ ምን ይደረጋል።

ሉንድክቪስት ማርች 28 ቦስተን ላይ ተመለሰ። 4 ለ 2 ተሸነፉ። ያን ዕለት ማንም ውጤቱን ብዙ አልተቆጨበትም። ክለቡ የመደበኛውን ወቅት በ53 ድልና በ113 ነጥብ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ሉንድክቪስት በዓመቱ 46 ጨዋታ ተሰልፎ 30 አሸንፏል።

በጥሎ ማለፉ ፒትስበርግን በአምስት ጨዋታ አሰናበቱ። ዋሽንግተንን 3 ለ 1 ከመመራት ተነስተው በሰባተኛው ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት ጣሉ። በምሥራቁ ፍጻሜ ግን ታምፓ ቤይ በሰባተኛው ጨዋታ፣ በገዛ አዳራሻቸው፣ 2 ለ 0 አሸነፋቸው። የተለመደው ጥያቄ ወዲያው መጣ፤ አንገቱ ባይነካ ኖሮስ? ጎል ያላገባ ቡድን በበረኛው አንገት አያሳብብም። ጥያቄው በዚያው ቢቀር ደስ ይለኝ ነበር፤ አልቀረም።

ታልቦት በጁን ወር ወደ ኤድመንተን ሄደ። እዚያ በ2016-17 ወቅት 42 ጨዋታ ያሸነፈ ዋና በረኛ ሆነ። በአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ ያረፈች ፓክ የሌላውን ሰው እንጀራ ጋገረች ማለት ይቻላል። ስካፕስኪ ከእነዚያ ሁለት ጨዋታዎች በኋላ በኤንኤችኤል አልተሰለፈም፤ ሁለት ገብቶ ሁለት አሸንፎ ወጣ።

ሌላኛው መግለጫ

ኦክቶበር 2020። ሬንጀርስ ከ15 ወቅት በኋላ ሉንድክቪስትን አሰናብቶ ነበርና ዋሽንግተን ካፒታልስን ተቀላቀለ። ለአዲሱ ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት፣ ዲሴምበር 17፣ በዚህ ወቅት እንደማይሰለፍ ራሱ በቪዲዮ ቀርቦ ተናገረ። ምክንያቱ ልቡ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ምን ሊደረግለት እንደሆነ አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ የልቡ ዋና ደም ቅዳ በር ይቀየራል፣ የደም ቅዳው ሥርና ወደ ላይ የሚወጣው ክፍልም ይቀየራል። "የላይኛው አካል ጉዳት" አላለም። ለመገመት የቀረ ነገር አልነበረም፤ ሰው የሚጽፍለት መልካም ምኞት ብቻ ሆነ።

ጃንዋሪ 2021 ላይ ክሊቭላንድ ውስጥ ደረቱ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት። ለመመለስ ልምምድ ጀምሮ ነበር፤ በልቡ ዙሪያ ብግነት ተገኘበትና ቆመ። በኦገስት ጫማውን ሰቀለ። 459 ድል ይዞ። ጃንዋሪ 28 ቀን 2022 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ጣሪያ ላይ 30 ቁጥር ማሊያው ተሰቀለለት።

በዚያ የዲሴምበር ወሬ ውስጥ አንድ ነገር ነበረች። የልቡን ችግር ካወቀው 15 ዓመት ሆኖታል። ይህ ማለት በ2005 ኒውዮርክ ሲገባ ጀምሮ ማለት ነው። በ2015 ደጋፊው የአንገቱን ደም ሥር በዓይነ ሕሊናው ሲመረምር፣ ስለ ገበሩ፣ ስለ ረጋ ደሙ፣ ስለ ዝውውር ገበያው ሲከራከር፣ ሰውየው ሐኪሞች ሲከታተሉት የኖረ ሌላ ነገር ደረቱ ውስጥ ይዞ ነበር። ያን ሰሞን የሁሉም ዓይን ያለው አንገቱ ላይ ነበር።